ጥር ላይ ለምትጋቡ፦ ማልዲቭስ ወይስ ዛንዚባር?

ጥያቄው፦ «ሰላም፣ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። ሰርጋችን ጥር አጋማሽ ላይ ነው። ለጫጉላ ሽርሽር እጮኛዬ ማልዲቭስ እንሂድ ይላል፣ እኔ ዛንዚባር ይሻላል ባይ ነኝ። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ሲሸልስ አለችኝ። ሁለታችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። ዋና አንችልም። ያለን አንድ ሳምንት ነው፣ ገንዘቡም የተቆጠረ ነው። የቱን እንምረጥ? ምንስ እናዘጋጅ?»

ምላሽ፦

አብሽሪ እህቴ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ለእናንተ ዛንዚባር ይሻላል። ከደሴቱም ሰሜኑ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ የሚባለው የባህር ዳርቻ። እዚያ አምስት ሌሊት እደሩ። መጨረሻ ላይ ስቶን ታውን በምትባለው አሮጌ ከተማ አንድ ሌሊት ጨምሩ። እጮኛሽ ግን አልተሳሳተም። ማልዲቭስ በጥር በጣም ያምራል፣ ስለሱም እነግርሻለሁ።

ደሴ ላይ የጉዞ ሥራ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ሙሽሮች ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። «እዚህ ነው መሄድ የምንፈልገው» ይሉኛል። ፎቶው በየትኛው ወር፣ በቀኑ በስንት ሰዓት እንደተነሳ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የሰርጉን ቀን ነው። ምክንያቱም ደሴቱን የሚመርጠው ወሩ ነው። እኛ ወሎ ውስጥ በልግና መኸርን ለይተን የምንኖር ሰዎች ነን፣ በልግ ከቀረ ምን እንደሚሆን ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የእነዚያ ደሴቶች ባህርም የራሱ ክረምትና በጋ አለው።

ዛንዚባር ላይ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ማሲካ ይሉታል። ቩሊ የሚሉት ትንሹ ዝናብ ኅዳር አካባቢ ይጥላል። ጥርና የካቲት መሃል ላይ ናቸው። ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፣ የባህሩም ውሃ ለብ ያለ ነው። ሲሸልስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ ዝናብ የሚወርድባት ወር ነው። ጓደኛሽ የነገረችሽ ስለ ውበቷ ከሆነ እውነቷን ነው፣ እንደ ላ ዲግ ያለች፣ ሰው በብስክሌት የሚዞርባት ትንሽ ደሴት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ግን በእናንተ ወር አይሆንም። ሞሪሸስንም ያነሳባችሁ ሰው ካለ፣ ጥርና የካቲት እዚያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው።

እዚህ ላይ ከፋሲካ በኋላ ለሚያገቡ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ለእናንተ ነገሩ ይገለበጣል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ዛንዚባር ዶፍ ውስጥ ነው፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ይዘጋሉ። «ግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ የምታዩት በዚያ ወቅት ነው። ሲሸልስ ግን በዚያን ጊዜ ነፋሱ ይረግባል፣ ባህሩም ይጠራል። ሲሸልስ ከኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የመመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ማደሪያና ከጉዞ በፊት በኦንላይን የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። ውድ ናት፣ ይህን አልደብቅም።

አሁን ወደ ማልዲቭስ። ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ቪዛውም ስትደርሱ ለ30 ቀን በነጻ ይሰጣችኋል። ታዲያ ለምን ዛንዚባር አልኩሽ? በገንዘቡ የተነሳ ነው። ማልዲቭስ 1,200 ገደማ ትንንሽ ደሴቶች ናት፣ ሪዞርቶቹም ብዙውን ጊዜ አንዱ ሪዞርት አንድ ደሴት ላይ ብቻውን ነው። ማሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ ጉዞው አላለቀም። ወይ በፈጣን ጀልባ፣ ወይ ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ትቀጥላላችሁ። ያቺ አውሮፕላን የምትበረው በቀን ብቻ ነው። ማታ ከደረሳችሁ ማሌ አካባቢ አድራችሁ ጠዋት ነው የምትሄዱት። የደርሶ መልሱ ዋጋ ለአንድ ሰው ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል። ክፍሉን ስትይዙ ያያችሁት ዋጋ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ አይካተትም። ደሴቷ ላይ ከገባችሁ ደግሞ ሌላ ሱቅ የለም፣ ሌላ ምግብ ቤት የለም። ውሃም ሻይም ከዚያው ነው። የምግብ ዝርዝሩ ላይ 100 ዶላር ያየሽው ነገር 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 17 በመቶ ግብር ሲጨመርበት ወደ 129 ዶላር ይጠጋል። ሪዞርት ከሆነ በዚህ ላይ ለአንድ ሰው በሌሊት 12 ዶላር የአካባቢ ግብር አለ። ሕዝቡ በሚኖርባቸው እንደ ማፉሺ ባሉ ደሴቶች ርካሽ የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ እውነት ነው። ግን በልባችሁ ይዛችሁ የሄዳችሁት የውሃ ላይ ጎጆ እዚያ የለም። ሰው ያሰበውን ሳያገኝ ሲመለስ ቅሬታው ከወጪው ይብሳል። ለእጮኛሽ እንዲህ በይው፦ ማልዲቭስን ሳንጨነቅ መክፈል በምንችልበት ጊዜ እንሄድባታለን።

ለሰርግ ተበድሮ፣ ለጫጉላ ደግሞ ሌላ ብድር የጨመረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እባካችሁ አትበደሩ። ገንዘቡ ለዛንዚባርም ካልበቃ ሦስት ቀን ሐይቅ ዳር፣ ወይም አርባ ምንጭ መሄድ ምንም ነውር የለበትም።

ዛንዚባር ከገንዘቡ ሌላ ለጀማሪ መንገደኛ የሚመች ነገር አለው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራው 3 ሰዓት ያህል ነው። ሰዓቱም ከእኛ ጋር አንድ ነው። እንዲያውም የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፣ ከንጋት ጀምረው። «ሳ ምቢሊ» ካሉሽ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ ልክ የእኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት። ባለታክሲው በዚህ አቆጣጠር ሊቀጥርሽ ይችላል፣ ሆቴሉና አየር መንገዱ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «በስዋሂሊ ነው ወይስ በእንግሊዝ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቅ ሄዶ ወደሚያዝንበት ነገር ልምጣ። ሐይቅን አስቢ። ጠዋት እግርሽን የነከርሽበት ውሃ ማታ ብትመጪም እዚያው ነው። ባህር እንዲህ አይደለም። በጨረቃ ስበት የተነሳ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይብሳል፣ ዛንዚባር ላይ በከፍታ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። የምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ፣ አሸዋው በጣም ዝርግ ስለሆነ ባህሩ ሲጎድል ብዙ መቶ ሜትር ወደኋላ ይሸሻል። ጠዋት መስኮት ከፍታችሁ ሰማያዊ ውሃ አይታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ ስትመለሱ የምታገኙት እርጥብ አሸዋና ድንጋይ ነው። ከዓመታት በፊት የላክኳቸው ጥንዶች በሁለተኛው ቀን ደውለው «ባህሩ የት ሄደ?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ አላስረዳኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳልናገር ለማንም ክፍል ይዤ አላውቅም።

በኑንግዊና በኬንድዋ ዳርቻው ቶሎ ጥልቅ ስለሚሆን ባህሩ ያን ያህል አይሸሽም። በፈለጋችሁት ሰዓት ውሃ ውስጥ መግባት ትችላላችሁ። ሰሜን ያልኩሽ ለዚህ ነው። የምሥራቁ ግን ምንም አይረባም እያልኩ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ ሴቶች ወጥተው የባህር አረም ከሚያለሙበት ማሳ መሃል በእግር መሄድ በራሱ ደስ ይላል። ለአንድ ቀን ሂዱና እዩት። ስትሄዱ የላስቲክ ጫማ አድርጉ፣ የእኛው ኮንጎ ጫማ ይበቃል። ድንጋዩ መሃል እሾኻም የባህር ጃርት አለ፣ እግር ላይ ከተሰካ ሳምንቱን ያበላሻል።

ዋና አለመቻላችሁ አያሳፍርም፣ አብዛኛው ደገኛ አይችልም። ግን የምላችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ከወገብ በላይ ወደሆነ ውሃ አትግቡ። ጀርባችሁን ለሞገድ አትስጡ። ለብቻ አትግቡ፣ አንዳችሁ ስትገቡ ሌላው ይይ። ሆቴል ስትመርጡ የመዋኛ ገንዳ ያለውን ፈልጉ፣ ከሞገድ ውጪ ውሃን መላመድ የሚቻለው እዚያ ነው። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደሪያ፣ ጠይቁ፣ በልካችሁ ልበሱት፣ እሰሩት። ጃኬት የለም ካሉ ገንዘቡ ተከፍሎ ቢሆንም አትሂዱ። ፀሐይ ስትጠልቅ በባለሸራ ጀልባ መሄድ ለሙሽሮች በጣም ጥሩ ነው፣ ጀልባዎቹን የሚሠሯቸውም እዚያው ኑንግዊ ነው። ምኔምባ ወደሚባለው ቦታ ዓሣ ለማየት የሚወስዱት ግን ጥልቅ ባህር ውስጥ ያስገባል። ለእናንተ አልመክርም።

ሙቀቱን አትናቁት። ኮምቦልቻ ቆላ ቢጤ ናት ትያለሽ፣ የባህር ዳር ወበቅ ግን ሌላ ነው። ደሴ ላይ ለሚኖር ሰውማ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ድንገት ባህር ጠለል ላይ መውረድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጥላ ሥር ዋሉ። ውሃ ጠጡ። ሰንስክሪን የሚባለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለጥቁር ቆዳ አያስፈልግም የሚሉትን አትስሙ፣ ከባህሩ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ትከሻችሁን ይልጠዋል።

ስለ ምግብ ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ ነው። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሙስሊም ነው። ለሙስሊም ተጋቢዎች ሥጋው ሐላል ነው፣ መስጊዱም ቅርብ ነው፣ የሚያስቸግር ነገር የለም። ጉዟችሁ ከረመዳን ጋር እንዳይገጥም ግን ቀኑን እዩ። ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል። አንቺ ክርስቲያን ከሆንሽና የምታከብሪው ነገር ከሆነ፣ እዚያ የምታገኙት ሥጋ በእስላም እጅ የታረደ ነው። ዓሣውና ሩዙ ግን ከበቂ በላይ ነው። ለረቡዕና ለዓርብ፣ ጾመ ነነዌም ከገባባችሁ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ መሰል ወጥ አለ፣ ማሃራጌ ይሉታል፣ እንጀራ ናፍቆኝ ነበር የሚል ሰው እንኳ ወዶት ይመለሳል። ካሳቫም አለ። አለባበስ ላይ ሆቴሉ ግቢ ውስጥ እንደፈለጋችሁ ነው። ከተማና መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ይህን ለወሎ ልጅ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወረቀቱ። እዚህ ላይ ታገሺኝ።

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ዛንዚባር የታንዛኒያ ግዛት ስለሆነ የምትፈልጉት የታንዛኒያ ቪዛ ነው፤ የሚጠየቀውም በመንግሥታቸው የኦንላይን ገጽ ነው፣ ጉዞው ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩት። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። እኛ ሴቶቻችን ሲያገቡ ስም አይቀይሩም፣ ስለዚህ የሁለታችሁ የአያት ስም ቢለያይ አትጨነቁ። ፎርሙን ሲሞሉ የባሏን ስም የሚጽፉ ሙሽሮች ግን አጋጥመውኛል። ይህ ከበረራ ያስቀራል።

ቢጫ ካርድ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ አለባቸው ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ከዚህ ስትሄዱ የክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ፣ ዛንዚባርም ሆነ ሌሎቹ ደሴቶች። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው የተከተቡ ጥንዶች ነበሩኝ። የበረራውን ቀን አስቀየርን፣ ቅጣት ተከፈለ፣ ሆቴሉም ሁለት ሌሊት አቃጠለ። ሙሽራዋ ቢሮዬ ውስጥ ስታለቅስ አሁንም ይታየኛል። የትኛው ጤና ተቋም እንደሚከትብ ዛሬውኑ አጣሩ። ወባ ራሱ ዛንዚባር ላይ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። አጎበር ያለበት ክፍል ያዙ፣ ስለ መከላከያ ኪኒንም ሐኪም አማክሩ።

መድን። በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከዛንዚባር መድን ድርጅት የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ መድን ቢኖራችሁም ይህን አይተካም። ከመነሳታችሁ በፊት በኦንላይን ከፍላችሁ ወረቀቱን አትሙት።

ዶላር ከባንክ ለመውሰድ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ቅረቡ። ከመንገድ ላይ አትግዙ። ኖቶቹ አዲስ መሆናቸውን እዩ፣ አሮጌና የተቀዳደደ ዶላር እዚያ ይመልሱባችኋል። ሻንጣ ስታዘጋጁ ልብስ በፌስታል አትጠቅልሉ። ታንዛኒያ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስወጧችኋል።

የቀን ነገር ደግሞ በራሱ ብዙ ሰው ጎድቷል። ሆቴል ራሳቸው የያዙ ሙሽሮች ጥር 20ን ጃንዋሪ 20 ብለው ሞሉት። ጥር 20 ማለት በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 28 ነው። ሲደርሱ ክፍላቸው ከስምንት ቀን በፊት አልፎ ነበር፣ ገንዘቡም አልተመለሰም። ትኬት ላይ 10:30 ካለ የእኛ ጠዋት 4:30 ነው። ሁለቱንም በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉትና ለሌላ ሰው አሳዩ።

አንድ ከልቤ የምለምናችሁ ነገር አለ። ከሰርጉ ማግስት አትብረሩ። መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ የሚመጣ ዘመድ አለ። የድሮ ሰዎች ለሙሽሮች ጫጉላ ቤት የሚሠሩላቸው ከግርግሩ ወጥተው እንዲያርፉ ነበር፣ እኔ ሽርሽሩንም የማየው እንደዚያ ነው። ሳያርፉ የሄዱ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተኝተው፣ ወይ በድካም ተነጫንጨው ነው የሚያሳልፉት። ሦስት ወይም አራት ቀን ቤት ቆዩ። ለሁለቱም ወላጆች የምትሄዱበትን ቀን ከሰርጉ በፊት ንገሩ፣ ያኔ ማንም አይቀየምም። አዲስ አበባ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ከቻላችሁ እሱን ያዙ፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ቢዘገይ በረራው አይጠብቃችሁም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ቦታ አታብዙ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ኑንግዊ በታክሲ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ ታክሲውን በሆቴሉ በኩል ያዙ። አምስቱን ሌሊት አንድ ቦታ እደሩ። ዳርቻው ላይ ጉብኝት የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል፣ «ሀፓና፣ አሳንቴ» በሏቸው፣ አይ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ከአምስቱ ቀን አንዱን ለጆዛኒ ጫካ ስጡት። ከዛንዚባር በቀር የትም የማይገኝ ቀይ ጉሬዛ አለ።

ስቶን ታውንን መጨረሻ ላይ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ካረፉ በኋላ ነው የምትጥመው። በፈረንጆቹ 2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት። ነሐስ የተመታባቸውን የተቀረጹ በሮች እያያችሁ በጠባቡ መንገድ ዙሩ። የባሪያ ገበያ የነበረበትም ቦታ አለ፣ ዛሬ ካቴድራል ቆሞበታል። ገበያው የተዘጋው በፈረንጆቹ 1873 ሲሆን ውሉን የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ሐበሻ ነበረች። እዚያ ስትቆሙ ይህን አስታውሱ። ከከተማዋ ፊት ለፊት በጀልባ ግማሽ ሰዓት የማትሞላ ቻንጉ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እስር ቤት ብለው ሠርተውባት በኋላ የቢጫ ወባ ሕሙማን ማቆያ ሆናለች። አሁን ግዙፍ ኤሊዎች ይኖሩባታል፣ ዘራቸው ከሲሸልስ የመጣ ነው። ማታ ፎሮዳኒ ወደሚባለው የባህር ዳር መናፈሻ ውረዱና ከምግብ ሻጮቹ ብሉ።

በመጨረሻው ጠዋት የቅመም እርሻ ጎብኙ። ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ቀረፋው ከግንዱ ሲላጥ ታያላችሁ። ሻይ ላይ የምንጥለው ቅርንፉድ ሳይፈነዳ የተለቀመ የአበባ እምቡጥ እንደሆነ እኔ ያወቅኩት እዚያ ነው። ስትመለሱ ዳራጃኒ ገበያ ገብታችሁ ቅርንፉድና ሄል ግዙ። ለእናትሽም ለእናቱም እኩል ይሁን።